ለሰቆጣ መብራት የተመረጠ ኮምፒውተር

ገብረ አማኑኤል ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት፣ ሰቆጣ ውስጥ፣ ሬዲዮ ጠጋኝ መሆን ማለት ደንበኛ ሲጠብቁ መዋል ማለት ነው። ሰዉ መዳፍ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ሬዲዮ ገዝቶ፣ ስትበላሽ ጥሎ፣ ሌላ መግዛት ጀምሯል። ድሮ ከዝቋላና ከአበርገሌ ድረስ ቴፕ ተሸክመው ይመጡለት የነበሩ ገበሬዎች አሁን በገበያ ቀን በሩ ላይ ቆም ብለው ሰላም ይሉትና ያልፋሉ። ሰላምታቸው ደስ ይላል፤ ግን አይበላም።

እሱም ቢሆን ጠጋኝ የሆነው ሌላው መንገድ ስለተዘጋበት ነው። የቄስ ልጅ ነው። ንባቡን ከአባቱ ተምሮ ለድጓ ጋይንት፣ ቤተልሔም ወረደ። የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ትምህርቱን የሚሰበስበው እንዲህ ነው፤ ለድጓ ቤተልሔም፣ ለቅኔ ዋሸራ፣ ለዝማሬ ዙር አባ ይሄዳል። ሁሉንም ባንድ ቤት ተቀምጬ ልማር የሚል ሰው እንደ ሰነፍ ይታያል። ገብረ አማኑኤል ግን ገና በመጀመሪያው ቤት፣ በሦስተኛው ዓመት፣ ጉሮሮውን ታሞ ድምፁ ተዘጋ። መናገሩን እግዚአብሔር መለሰለት፤ ዜማው በዚያው ቀረ። ይህን ነገር እየሳቀ ነው የሚያወራው። ሳቁ የእውነት እንዳልሆነ የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ናት።

ሚስቱ ወለተ ጊዮርጊስ ልብስ ሰፊ ናት። ቁርጥ ያለች፣ እጇም አፏም ፈጣን፣ ስትናደድ አማርኛው አልበቃ ብሏት ወደ አገሯ ቋንቋ፣ ወደ ኽምጣኛ የምትሻገር ሴት ናት። ያን ዓመት፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ ታላቅ ወንድሟ ካሤ ከወልድያ ደብዳቤ ላከ። ለገብረ አማኑኤል የእህል መጋዘን ጥበቃ ሥራ ተገኝቷል፤ የሚኖሩበት ቤትም አለ። ወለተ ጊዮርጊስ ደብዳቤውን ጮክ ብላ አነበበችለት። ገብረ አማኑኤል መጋዘን በር ላይ ዱላ ይዞ የተቀመጠ ራሱን አየው። አንድ ጊዜ የጀመረውን ጥሎ ተመልሷል፤ አሁን ደግሞ ሁለተኛውን ሊጥል ነው። 

«አንድ ነገር ልሞክር» አላት። «እስከ ፋሲካ ብቻ።»

«ምን?»

«ኮምፒውተር። ጌም የሚያጫውት። ራሴ ገጣጥሜ።»

«አንተ ሬዲዮ እንጂ ኮምፒውተር ምን ታውቃለህ?»

«ሁለቱም ዞሮ ዞሮ ሽቦ ናቸው።»

ነገሩ ከየት መጣበት ቢባል፣ ወልድያ ካሤን ሊጠይቅ በሄደ ጊዜ አንድ ጌም ቤት ውስጥ በኮምፒውተር ኳስ ሲጫወቱ አይቷል። ተጫዋቹ ሲሮጥ ላቡ ይታያል፤ ሣሩ ይታያል። በሩ ላይ ሊከፍሉ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ደግሞ መምህራንና የቢሮ ሠራተኞች ነበሩ። ሰቆጣም እኮ መምህር አለ፤ ቢሮም ሞልቷል። ታዲያ ለምን ገዝቶ አያመጣም? ተገጣጥሞ የሚሸጠው ኮምፒውተር ለጽሕፈት እንጂ ለጌም አይሆንም ተባለ። ይህ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው፣ ገዝቶ ማምጣትማ ማንም ያደርገዋል።

«እሺ፣ እስከ ፋሲካ» አለች ወለተ ጊዮርጊስ። «ካልሆነ ግን ካሤ መኪና ይዞ ይመጣል። አንተም ሳታንገራግር ትጫናለህ።»

አዲስ አበባ መርካቶ ውስጥ አንዷለም የሚባል ጓደኛ አለው። ቤተልሔም አብሮት ድጓ የጀመረ፣ በኋላ ትምህርቱን ትቶ ሸሚዝ ነጋዴ የሆነ ሰው ነው። ገብረ አማኑኤል ቴሌ ሄዶ ተራ ጠብቆ ደወለለት፤ በየሳምንቱም ይደውልለት ጀመር። አንዷለም ከኮምፒውተር ሱቅ ሱቅ እየዞረ የሰማውን ያነብለታል፤ ገብረ አማኑኤል ደግሞ እንደ ለመደው በቃሉ ይይዛል። ማዘርቦርድ፣ ሌላው ሁሉ የሚሰካበት ሰሌዳ ነው። ፕሮሰሰር አሳቢው ነው። ራም ሥራ ላይ እያለ የሚያስታውስበት ነው። ግራፊክስ ካርድ ሥዕሉን የሚያወጣው ነው፤ ላቡና ሣሩ የሚታየው በእሱ ነው። ፓወር ሰፕላይ ለሁሉም መብራት ያከፋፍላል። ማታ ማታ ይህን ሁሉ ከነቁጥሩ ሲደግመው ወለተ ጊዮርጊስ ጸሎት መስሏት አንድ ሁለቴ አሜን ብላለታለች።

መምረጥ ላይ ሲደርሱ ሁለቱም አላመነቱም። «እያንዳንዱን በሙያው ከታወቀው ቤት ውሰድ» አለ ገብረ አማኑኤል። «ፕሮሰሰሩን በፕሮሰሰር ከታወቀው፣ ማዘርቦርዱን በማዘርቦርድ ከታወቀው፤ ራሙንም እንደዚያው።»

«እሱማ ይታወቃል» አለ አንዷለም። «ያንዱን ከሌላው ቤት ማን ይወስዳል?»

አንዷለም አምስት ሱቅ ገብቶ በአምስቱም «ምርጡን አምጣልኝ» አለ። በአምስቱም ምርጡን ሰጡት። ማንም አላታለለውም። ሌላው ሱቅ ምን እንደ ሰጠው ግን ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም አልተናገረም።

ካርቶኑ ከነማያ ገጹና ከነጌም ዲስኮቹ በአውቶቡስ፣ በወልድያ በኩል ዞሮ፣ በዐቢይ ጾም እኩሌታ ሰቆጣ ገባ። ገብረ አማኑኤል የቤታቸውን የፊት ክፍል የያዘውን የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ፣ ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ነጠላ አንጥፎ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ደረደራቸው። ያምሩ ነበር። ማዘርቦርዱን አስቀምጦ ፕሮሰሰሩን አነሣ። ከሥሩ እንደ ብሩሽ የተተከሉ ጥቃቅን እግሮች አሉት። የሰሌዳውን መቀመጫ ሲከፍት ግን አንድም ቀዳዳ የለበትም፤ እዚያም ያለው እግር ብቻ ነው። እግር በእግር ላይ እንዴት ይቀመጣል? አዙሮ ሞከረው። መልሶ አዞረው። ራሙን አነሣ፤ የራሙም ጥርስ ከሰሌዳው ጋር አልገጠመም። ሌላ ሰው ቢሆን በጉልበት ይሰብረው ነበር። እሱ ግን የጠጋኝ እጅ አለውና እንቢ ያለ ነገር አያስገድድም። ዕቃዎቹን ነጠላው ላይ መልሶ፣ ግንባሩን በሁለት እጁ ይዞ ተቀመጠ።

ወለተ ጊዮርጊስ ሻይ ይዛ ስትመጣ እንደዚያው ሆኖ አገኘችው።

«ምነው? ተሰብሮ ነው የመጣ?»

«አልተሰበረም። ሁሉም ምርጥ ነው፤ ግን አይተዋወቁም።»

ፕሮሰሰሩን ተቀብላ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ሰሌዳውንም አየች። «እኔ መርፌ ስገዛ እንዴት ነው የምገዛ?» አለችው።

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«ገበያ ላይ ምርጥ መርፌ አምጡልኝ አልልም። መጀመሪያ የስፌት መኪናዬን ዓይነት ነው የምነግራቸው። ወርቅ መርፌ ቢሰጡኝ ለመኪናዬ ካልሆነ ምን ያደርግልኛል? አንተ እቴ፣ ይህን ለኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

እውነቷን ነው፤ ነግሯት ቢሆን ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። ገብረ አማኑኤል አፈረ። ካፈረ በኋላ ግን፣ ለራሱም እስኪገርመው ድረስ፣ ቀለል አለው። ዕቃው አልተበላሸም፤ የተበላሸው አመራረጡ ነው። አመራረጥ ደግሞ ይታረማል።

በማግሥቱ ቴሌ ሄዶ ደወለ። ነገሩን ሲሰማ አንዷለም ሳቁ አልቆም አለው። «ሸማኔውን ከጋይንት፣ ፈታይዋን ከጎጃም አምጥተን ጥበብ ሥሩ አልናቸው በለኛ!»

«ሳቁን ተወውና ስማኝ። ማዘርቦርዱ ይቀመጥ፤ እሱን ነው መነሻ የምናደርገው። ዕቃውን መልሼ እልክልሃለሁ። አንድ ሱቅ፣ አንድ ብቻ፣ ሰሌዳውን ይዘህ ግባ። ለዚህ የሚሆነውን ፕሮሰሰር ስጡኝ በል። ለዚህ የሚሆነውን ራም ስጡኝ በል። ዝቅ ያለ ቢሆንም ግድ የለም።»

የሱቁ ባለቤት ደግ ሰው ሆኖ ለወጠላቸው። ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም ከፊተኞቹ ዝቅ ያሉ በመሆናቸው አንድ ነገር የሚያስጨምር ትርፍ ተረፈ። ገብረ አማኑኤል ቴሌ ሄዶ ሲደውልለት አንዷለም፣ «በዚህ የፊተኛውን ግራፊክስ ካርድ መልሼ ልውሰድ» አለ። «ጌም ማለት ካርዱ ነው ብለውኛል። ዳር ቆሞ የሚያየው ተመልካች ሳይቀር ይታይሃል።»

 ገብረ አማኑኤል ያን ካርድ ፈልጎታል፤ ለሳምንታት ቁጥሩን በቃሉ ሲደግም ከርሟል። ግን ከሁለት ዓመት በፊት የተቃጠለችው ቴሌቪዥናቸው ትዝ አለችው። መብራት ሄዶ፣ ድንገት በጉልበት ሲመለስ፣ ጭስ ብቻ አስቀርታ ነው የሄደች። ጠጋኙ ራሱ ሊያድናት አልቻለም። ወለተ ጊዮርጊስም ከዚያ ወዲህ ሶኬት ላይ የሚሰካ ነገር ሁሉ ጠላቷ ነው።

«ያ ካርድ ይቅር፤ የያዝነው ይበቃል» አለ። «በትርፉ ዩፒኤስ ውሰድልኝ።»

«ያ ባለባትሪው ሣጥን? ባንክ ቤት የሚያስቀምጡት?»

«እሱን። መብራት ሲሄድ ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆየውን፣ ሲመለስም ጉልበቱን የሚያበርደውን። የምመርጠው ለመርካቶ አይደለም፤ ለሰቆጣ ነው።»

የፋሲካ መንገደኛ አውቶቡሱን ሞልቶት ካርቶኑ ዘገየ። የደረሰው ከበዓሉ በኋላ በማክሰኞው ነው፤ ካሤ ደግሞ ቅዳሜ እመጣለሁ ብሏል። ገብረ አማኑኤል ረቡዕ ማለዳ ጀመረ። ፕሮሰሰሩ መቀመጫው ላይ ሲያርፍ ምንም አልታገለም። ራሙም ቀጭ ብሎ ገባ። ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩ ተነሣ፤ ዲስኮቹን ጭኖ ሲጨርስ ሣሩ ታየ። ላቡ እንኳ በቅጡ አይታይም ነበር። ቢሆንም ገብረ አማኑኤል ልጅ ሆኖ ጨፈረ።

ወለተ ጊዮርጊስ ግን ዕቃ ማሰሯን አላቆመችም። «ያቺም ቴሌቪዥን እኮ ትሠራ ነበር» አለች። «እስኪ መብራት ሄዶ ይምጣና አየዋለሁ።»

«ሶኬቱን ልንቀልልሽ?»

«እሱማ ያንተ እጅ ነው። እኔ የምፈራው ሲመለስ ያለውን ነው።»

እንግዲህ ሰቆጣ ውስጥ መብራት ሳይሄድ ሦስት ቀን የዋለበት ጊዜ ቢኖር ያን ሳምንት ነው። ከተማው በሙሉ ተመስገን አለ። መብራት በሄደልኝ እያለ ሰማይ ሰማይ የሚያይ ሰው አንድ ገብረ አማኑኤል ብቻ ነበር። ሐሙስም በራ፤ ዓርብም በራ። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ካሤ አይሱዙውን በሩ ላይ አቆመ። ቃል ቃል ነው፤ ፋሲካ አልፏል። ተሸካሚዎቹ አልጋውን አወጡ፤ ቁም ሣጥኑን ጫኑ። ገብረ አማኑኤል ሳያንገራግር ገመድ ያቀብላቸው ነበር። ልቡ ግን ተሰብሯል።

ካሤ እስኪጭኑ ድረስ ብሎ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። «በል ና፣ አንድ ጨዋታ እንኳ ግጠመኝ፤ ወልድያ ስንገባ ቁም ነገር ይበዛብናል።» ሁለቱም አይችሉም ነበር። ካሤ አንዴ ራሱ ላይ አገባ።

ሁለት ለሁለት ሲሆኑ፣ ከመንገዱ ማዶ የወፍጮው ድምፅ ቀጥ አለ። የጎረቤት ቴፕ ተንቋርሮ ዝም አለ። መብራት ሄደ።

ማያ ገጹ ግን እንደ በራ ነው። ከጠረጴዛው ሥር ሣጥኑ ጢጥ፣ ጢጥ ይላል።

«ምንድነው የሚጮኸው?» አለ ካሤ ዓይኑን ሳይነቅል። «ተጫወት እንጂ! ምን ያፈዝሃል?»

ወለተ ጊዮርጊስ ብርድ ልብስ እንደ ታቀፈች በሩ ላይ ቆመች። ገብረ አማኑኤል ጨዋታውን አቁሞ ኮምፒውተሩን በወጉ አጠፋው፤ ካሤ ተቆጣ። ተሸካሚዎቹ ጨርሰናል አሉ። «ቆዩ» አለች ወለተ ጊዮርጊስ። አንድ ሰዓት ያህል ቆዩ። ከዚያ መብራቱ መጣ፤ ሲመጣም በኃይል ነበርና የጎረቤቱ አምፖል ጧ ብሎ ፈነዳ። ካሤ ደነገጠ። ገብረ አማኑኤል ቁልፉን ተጫነ።  ማራገቢያው ዞረ፤ ማያ ገጹ በራ።

 ወለተ ጊዮርጊስ ብርድ ልብሱን ወደ ውስጥ ወረወረችና ወደ ተሸካሚዎቹ ዞረች።

«አውርዱት።»

«ምኑን?» አለ ካሤ።

«ዕቃውን። ለመጋዘኑ ሌላ ሰው ፈልግላቸው፣ ወንድሜ። ባሌ ሥራ አለው።»