የጠበቃው ልምድ

በክሊቭላንድ ፍርድ ቤት በር ላይ ፈታሽ ነኝ። ስማቸውን ሳልጠይቅ የለመድኳቸው አንድ ሽማግሌ ጠበቃ አሉ። ቀበቷቸውን ፈትተው፣ የሰፋቸውን ሱሪ በአንድ እጃቸው እንደያዙ፣ "ዛሬ እንኳ በክብር አሳልፈኝ!" እያሉ ያስቁናል።

ባለፈው ሐሙስ ኮሪደሩን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ጠበቃው በማጭበርበር ከተከሰሰች ዊሎና ከምትባል የባንክ ሒሳብ ሠራተኛ ጋር ተቀምጠው የጁሪውን፣ ማለትም ፍርድ ለመስጠት የተመረጡትን ተራ ዜጎች፣ ውሳኔ ይጠብቃሉ። ልጅቷ መሐረቧን ትጠመዝዛለች።

"ነጻ ያወጡኛል?" አለቻቸው።

"አላውቅም የኔ ልጅ። አውቃለሁ የሚልሽ ጠበቃ ካለ ግን እሱን ክሰሺው።"

ሳቋ አመለጣት። መሐረቧንም ለቀቅ አደረገችው።

ጁሪው ወስኗል ተብሎ ሲጠሩ ጠበቃው "መጣሁ" ብለው ወደ መጸዳጃ ቤት ሮጡ። ደንግጬ ብከተላቸው፣ ጎንበስ ብለው ያስመልሳቸዋል።

"ሐኪም ልጥራ ጌታዬ?"

"ተወው፣ ፍርድ በተሰማ ቁጥር ነው" አሉኝ። ፊታቸውን ታጠቡ፣ ከረባታቸውን አስተካከሉ፣ እያፏጩ ወጡ።

ዊሎና ነጻ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ እያለቀሰች አቀፈቻቸውና፣ "እርስዎ ግን ፍርሃት የሚባል አልፈጠረብዎትም!" አለቻቸው።

"ልምድ ነው" አሉ፣ ግድግዳውን ተደግፈው።