መርዶ በስልክ አይነገርም

ሞባይል እኛ አገር ሲገባ የመጀመሪያዎቹ ባለቤቶች የያዙት ለመነጋገር አልነበረም፤ ለመታየት ነበር። ፍኖተ ሰላም ዋናው መንገድ ላይ፣ ከባጃጅና ከፈረስ ጋሪ መሃል ቆሞ፣ ማዶ ያለው ሰው ያለ ስልክም እንዲሰማው የሚጮህ ነጋዴ በየቀኑ አይ ነበር። ገጠር ደግሞ ባሰ። ስልኩን በክር አስሮ ከማተቡ ጎን አንጠልጥሎ ለቅሶ ቤት የሚመጣ ሰው ነበር። ኔትወርክ የለው፣ የሚደውልለት የለው፣ ብቻ ደረቱ ላይ ይወዛወዛል። እኔ የምሠራበት የዞን መሥሪያ ቤት ድረስ አሠልጣኞች እየመጡም «ዓለም አንድ መንደር ሆነች» ብለው ይሰበስቡን ነበር። እኔ ያደግሁት መንደር ውስጥ ነው። እንዲህ የሚሉት መንደር ኖረው የማያውቁ ሰዎች ናቸው።

የእኛ መንደር ከቡሬ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ኔትወርክ የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ብቻ ነበር። ሰው ሲሞት ጡሩምባ የሚነፋውም ከዚያው ጉብታ ላይ ነው። ታናሽ እህቴ ሰው ቤት ልትሠራ ቤይሩት ስትሄድ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ እናታችንን ጉብታው ላይ አውጥቶ ማገናኘት የእኔ ሥራ ሆነ። ቅዳሜ ከፍኖተ ሰላም በአውቶቡስ ቡሬ እገባለሁ፤ ከዚያ በእግሬ።

እናቴ በስልክ መነጋገር አልሆንላት አለ። ስልኩን በሁለት እጇ ትቀበልና ታየዋለች። እህቴ ከውስጥ «እማ! እማዬ!» ስትል ስትሰማ እንደ ቄስ መስቀል ትስመዋለች። ግንባሯን አስነክታ ደግማ ትስመዋለች። አንድ ቃል አይወጣትም።

«ተናገሪ እንጂ እማ! ሊቋረጥ ነው!» እያልሁ እቆጣታለሁ።

መልሳ መሳም ነው። በመጨረሻ ስልኩን ከእጇ ነጥቄ፣ በሸሚዜ እጅጌ ጠርጌ፣ «ደህና ናት፤ እህሉም ደህና ነው፤ ላሟም ወልዳለች» ብዬ እጨርሰዋለሁ። አሁን መሸፋፈን ምን ያደርጋል፣ ንቄያት ነበር። የወለደችኝን ሴት በአንድ የእጅ ስልክ ምክንያት ንቄያት ነበር።

አንድ ቀን እህቴ የአሠሪዋን ነገር አጫወተችኝ። የሴትዮዋ አባት ሌላ ከተማ ሞተና፣ ወጥ እየቀመሰች ሳለ መርዶው በስልክ መልእክት መጣላት። አነበበች፤ ወንበር ስባ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ከዚያ እሷው ራሷ ለቀሩት ዘመዶቿ እየጻፈች ላከች። ይህን መንደር ውስጥ ሳወራ ያልሳቀ የለም። አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ «እንደ ስብሰባ ጥሪ?» ብለው እንትፍ አሉ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

እኛ ዘንድ መርዶ ወግ አለው። ሽማግሌዎች ገና ሳይነጋ ሐዘንተኛው ቤት ይደርሳሉ። ተቀምጠው ዙሪያ ጥምጥም ያወራሉ። ራሱን መሬት ላይ እንዳይጥል ጠንካራ ሰዎች ከግራ ከቀኝ ይሆናሉ። ቃሉ ሲወጣ ጎረቤቱ ሁሉ አብሮ ይጮኻል። ማንም ሰው ብቻውን አያለቅስም።

እናቴ በሰኔ፣ ሦስት ቀን ታማ ሞተች። ከቀብር መልስ ለእህቴ ልደውል ብል አጎቴ ተቆጡኝ።

«መርዶ በስልክ? ምነው አንተዬ፣ ልጂቱ ወገን የላትም? ማን ይይዛታል? በሰው አገር፣ በሰው ማድቤት ብቻዋን ታልቅስ? የአገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ነው፤ ስትመጣ በወጉ ትረዳለች። እስተዚያው ደህና ናት በላት።»

አልተከራከርሁም። ይልቅስ የለየልኝ ውሸታም ሆንሁ። እናቴ ጠበል ሄዳለች። እናቴ ክርስትና ተጠርታለች። እናቴ ጅጋ ገበያ ወርዳለች። በሕይወት ሳለች ከቀዬዋ የማትወጣ ሴት ከሞተች በኋላ እግሯ አላርፍ አለ። የአርባዋ ተዝካር እሑድ ዋለና እህቴ ደወለች፤ የካህናቱ ዜማ ከታች እስከ ጉብታው ይሰማ ነበር።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች።

«እማ የማኅበር ተራዋ ደርሶ እየደገሰች ነው» አልኋት።

«እንኳን አደረሳችሁ» አለችን፣ በእናቷ ተዝካር። ወርጄ ለአጎቴ ስነግራቸው «ብልሃተኛ ነህ» አሉኝ፤ እኔም እንደ ሹመት ተቀበልሁት።

መስከረም ላይ ግን አላስቀምጥ አለችኝ። «ወንድምዓለም፣ ድምጿን ካላሰማኸኝ አላምንህም» አለች። ያን ጊዜ ነው አክስቴን ያመጣናት። የእናቴ ታናሽ ናት፤ ድምፃቸው አይለይም፤ በልጅነታችን ከደጅ ስትጣራ እናታችን እየመሰለችን ስንት ጊዜ ሮጠናል። አጎቴ የምትለውን አስጠኗት፤ ጉብታው ላይ ወጣን። አክስቴ ስልኩን ጆሮዋ ላይ በወጉ ይዛ ጀመረችው።

«እንደምን አለሽ ልጄ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴን ብቻ ትንሽ ያመኛል። ምግብ ትበያለሽ ወይ? ጸሎትሽን እንዳትተዪ። ወንድምሽም ደግ ነው፣ ይመላለስልኛል...»

እንዴት አማረባት! እናቴ ሁለት ዓመት ሙሉ ያላወራችውን በአንድ እሑድ ጨረሰችው። እኔም፣ ኀፍረት ያልፈጠረብኝ፣ እማ እንዲህ ብትናገር ኖሮ ምን ነበረበት ብዬ አሰብሁ። ከወዲያ እህቴ ሁሉንም ሰምታ ጨረሰች። ከዚያ «እሺ እማ» አለችና ዘጋችው።

«አመነች!» ብለው አጎቴ አጨበጨቡ። እውነትም ከዚያ ወዲያ ድምጿን አሰማኝ ብላ አልጠየቀችም። «እማ ደህና ናት?» ትላለች፤ «ደህና ናት» እላለሁ። ልማድ ሆነና ውሸትነቱንም ረሳሁት።

በነሐሴ ውሏን ጨርሳ መጣች። ፍኖተ ሰላም እኔ ቤት አደረች። እናቷ ለምን ልትቀበላት እንዳልመጣች አልጠየቀችም፤ መንገድ አድክሟት ነው ብዬ ተውሁት። ጎሕ ሲቀድ፣ ከዋዜማው መጥተው ጎረቤት ያደሩት አጎቴ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር ገቡ። አክስቴና ሁለት ጠንካራ ሴቶች ከግራ ከቀኟ ተቀመጡ። አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንግዲህ ልጄ፣ ከአባታችን ከአዳም ጀምሮ...» ሲሉ፣ እህቴ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ነካች።

«ጋሼ፣ አይድከሙ» አለች። «አውቃለሁ።»

«ማነው የነገረሽ?» አሉ፣ እንደ መቆጣት ብለው።

«አክስቴ ናት። እማ በስልክ አንድም ቀን አውርታኝ አታውቅም፤ ትስመኝ ነበር። ስትስመኝ ይሰማኛል። አክስቴ በእማ ስም ስታወራኝ ጊዜ አወቅሁ። ማድቤት ወለሉ ላይ ተቀምጬ፣ ሴትዮዋ እንዳትሰማኝ አፌን በፎጣ ይዤ አለቀስሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኋት።

ቀና ብላ አየችኝ። «አውቄያለሁ ብልህ፣ ማን ደህና ናት ይለኝ ነበር?»

መሬት ላይ የወደቀችው አክስቴ ነበረች። ሁለቱ ሴቶችም የያዙት እሷን ነው። እህቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ፣ ቀጥ ብላ እንደ ተቀመጠች ቀረች። ብቻዋን እንዳታለቅስ ብለን አሥራ አንድ ወር ብቻዋን አስለቀስናት። በስልክ መልእክት መርዶ በደረሳት ሴትዮ ስቄ ነበር፤ እሷን እንኳ የገዛ ወገኗ እንደ ሞኝ አልቆጠራትም።

እኔ ደግሞ፣ ከእናቴ ለእህቴ የሚደርሳት እሱ ብቻ የነበረውን ስሞሽ ነው በሸሚዜ እጅጌ ስጠርግ የኖርሁት።