የፈረሰኛው ክኒን

እኔ ቶሎ የምቆጣ፣ ቶሎም የምደሰት ሰው ነኝ። ባልደረቦቼ የደም ካንሰር ጥናት ትዕግሥት ይፈልጋል ይሉኛል፤ ይበሉ። ሥራዬ በየቀኑ ክኒን የሚውጡ ሕሙማንን እየተከታተልኩ መድኃኒቱ በደማቸው ውስጥ ምን እንደሠራ መለካት ነው። በሽታው ነጭ የደም ሴሎችን ያለ ልክ ያበዛል፤ ክኒኑ ደግሞ "ተባዙ" የሚለውን ትእዛዝ ዝም ያሰኘዋል። በትክክል የወሰደ ሰው ብዙ ዓመት ሊኖር ይችላል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ደስታው ያቁነጠንጠኛል።

ከሕሙማኑ አንዱ እንጅባራ አጠገብ፣ በዘንገና ሐይቅ በኩል የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። አባባ እላቸዋለሁ። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ፈረሰኛ ናቸው፤ ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከፈረሳቸው ጋር በአዊኛ ያወራሉ። ቁም ነገሩን የሚነግሩት ለፈረሱ ይመስለኛል። ጣፊያቸው አብጦ ግራ ጎናቸውን ስለሞላው ግን ሐኪማቸው ኮርቻ ላይ መውጣት ከልክሏቸው ነበር፤ ቢወድቁ ሊፈነዳ ይችላል። በዓመታዊው የፈረሰኞች በዓል፣ በጥር ጊዮርጊስ፣ ፈረሰኞቹ ሜዳውን ሲሞሉት እሳቸው ዳር ቆመው ዋሉ።

የከፋው የደም ምርመራቸው ውጤት ነበር፤ የበሽታው መጠን አልወርድ አለ። ይህ ክኒን ካልሠራላቸው ቀጣዩን መድኃኒት ማግኘት ጭንቅ ነው። ባልደረቦቼ "በሽታው መድኃኒቱን ለምዶታል" አሉ። እኔ እንቢ አልኩ፤ ማስረጃ ኖሮኝ ሳይሆን እልህ ይዞኝ። በስልክ ስጠይቃቸው መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው።

"ደህና ነኝ ልጄ፣ ተመስገን።"

"የሚያስቸግርዎት ነገር የለም?"

"ምንም።"

በዐቢይ ጾም አንድ ጠዋት ደም ልቀዳላቸው በባጃጅ ሄድኩ። ክኒናቸውን ፊቴ ዋጡ፤ በባዶ ሆድ፣ በአንድ ጉንጭ ጠበል። ክንዳቸውን ላስር ስል "ቆይኝማ" ብለው ወደ ጋጣው ጀርባ ሄዱ። የማስመለስ ድምፅ ሰማሁና ተከትያቸው ሮጥኩ። ክኒኑ እንዳለ ሣሩ ላይ ወድቋል።

"አባባ፣ ሁልጊዜ ያስመልስዎታል?"

"በጾም ቀን አዎ። እየወጣልኝ ነው እኮ" አሉ፣ አፋቸውን እየጠረጉ። ደስ ብሏቸዋል።

እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝ፤ ጠበል ጠጥቶ ያስመለሰ ሰው በሽታው ወጣለት ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት። ረቡዕና ዓርቡን፣ ፍልሰታውን፣ የገናውን ጾም በልቤ ደማመርኩ። በሽታው መድኃኒቱን የት አግኝቶት ይልመደው? ሣሩ ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ።

"ምን ያስቅሻል አንቺ?"

"የሚወጣው መድኃኒቱ ነው አባባ። በሽታውማ ተመችቶት ተቀምጧል።"

ክኒኑ ባዶ ሆድ ሲያገኝ ያስመልሳል። ጾሙን ግን ይተዉ አላልኳቸውም፤ ብልም አይሰሙኝ። ከሐኪማቸው ጋር ተመካክረን ጠበሉን ጠዋት ለብቻው፣ ክኒኑን ደግሞ ከቅዳሴ መልስ፣ እህል ከቀመሱ በኋላ በብዙ ውሃ እንዲውጡ ተስማማን። ለሌሎቹም ሕሙማን "በጾም ቀን ክኒኑን መቼና በምን ይውጡታል?" የሚል ጥያቄ ጨመርን። እሳቸው ብቻ አልነበሩም።

ጥር ገባ። የመጨረሻው የደም ውጤት በስልኬ ሲላክልኝ እንጅባራ ነበርኩ፤ ኔትወርኩ እየመጣ እየጠፋ ነፍሴን አወጣት። በመጨረሻ ተከፈተ። ወርዷል፤ እኛ ተስፋ ካደረግነውም በታች ወርዷል። መንገድ ላይ ብቻዬን ዘለልኩ፤ አንድ ባለ ጋሪ ዞሮ አየኝ፣ ይየኝ። ጣፊያቸውም ከጎድናቸው ሥር ተመልሶ ገብቶ ነበርና ሐኪማቸው መጋለብ ፈቀደላቸው።

በበዓሉ ቀን ፈረሳቸውን ሸልመው በፊቴ ሲያልፉ እኔን አላዩኝም። ወደ ፈረሱ ጆሮ ጎንበስ ብለው የሆነ ነገር እያሉት ነበር። ድምፄ እስኪዘጋ እልል አልኩ።

በማግስቱ ደወልኩላቸው።

"እንዴት አደሩ አባባ?"



"ኧረ እንዴት አድራለሁ ልጄ። ጭኔ ተላልጦ፣ ወገቤ ተቆርጦ። መቀመጥም አልቻልኩ።"

"ተመስገን" አልኩ እኔ።