ስጠራህ አትዙር

በልጄ አሰልጣኝ ቀናሁ። ሌላ ስም ልሰጠው ሞክሬ ነበር፤ ቅናት ነው። እኔ በአስራ ዘጠኝ ዓመት ያላገኘሁትን ሰውየው በሁለት ወር አገኘው።

ልጄ እዚሁ አሜሪካ፣ ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ ኮሌጅ ገብቶ ፉትቦል ይጫወታል፤ ያንን እግር ብዙም የማይነካውን የአሜሪካኖች ኳስ። ቤት ውስጥ ስሙን ስጠራው «ዋት?» ይለኛል። በእኛ ቤት ልጅ ሲጠራ «አቤት» ነው የሚለው፤ ስንት ጊዜ ተጣላን! አንድ ቀን ልምምዱን ለማየት ብሄድ፣ አሰልጣኙ ከሜዳው ማዶ ስሙን ያውም አጣሞ ሲጠራው «የስ ሰር!» ብሎ በሩጫ ሄደ።

በዚያ ሳምንት የሚገጥሙት ቡድን ኦፕሽን የሚባል አጨዋወት ነበረው። ኳሱን የሚይዘው ልጅ፣ ኳርተርባክ የሚሉት፣ ወይ መሐል ለሚገባው ይሰጣል፣ ወይ ራሱ ይሮጣል፣ ወይ ወደ ጎን ይወረውራል። የቱን እንደሚመርጥ እስከ መጨረሻው አይታወቅም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተከላካይ የሚጠብቀው አንድ ሰው ይሰጠዋል፤ ኳሱ የትም ይሂድ፣ ከዚያ ሰው ላይ ዓይኑን አይነቅልም። ለልጄ የደረሰው ኳርተርባኩ ነው። «ወገቡን ብቻ እይ፣ ወገብ አይዋሽም» ብሎታል አሰልጣኙ። ይህን በደንብ ከሠራ ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ቋሚ ሆኖ ይሰለፋል።

እሁድ ፍሮግታውን ሰፈር ወዳለው ቤታችን መጣ።

«አባዬ፣ ኳርተርባክ ሁንልኝና ፕራክቲስ እናድርግ።»

አባዬ የሚለኝ ሲፈልገኝ ነው።

«እሺ። ግን ስጠራህ አቤት ትላለህ።»

«ኢን ፕራክቲስ?»

«በፕራክቲስም በምንም።»

ሰኞና ማክሰኞም ፕሊማውዝ ካለው ፋብሪካ ስመለስ የሥራ ጫማዬን ሳላወልቅ ጋራዡ ፊት ለፊት እንቆም ነበር። ኳሱን ብብቴ ሥር ይዤ ስሙን እጠራለሁ፤ ቀና ብሎ ፊቴን እያየ «አቤት!» ይላል፤ ከዚያ እሮጣለሁ፣ ይይዘኛል። ማክሰኞ ዕለት ቃሉ ሳያስበው ከአፉ ይወጣ ጀመር። ደስታዬን ለብቻዬ መያዝ አቃተኝ።

ረቡዕ ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ የልምምድ ሜዳው አጥር ላይ ተደገፍኩ። አሰልጣኙ ከተጠባባቂዎቹ አንዱን ኳርተርባክ አድርጎ ጨዋታውን አስጀመረ። ተጠባባቂው ኳሱን ይዞ እኔ ወዳለሁበት ጎን መጣ፣ ልጄ ፊቱ ቆመ። ያኔ በስሙ ጠራሁት። ላበረታታው ብዬ አይደለም፤ «አቤት» ሲለኝ አሰልጣኙ እንዲሰማ ነው።

ልጄ ወደ እኔ ዞሮ «አቤት!» አለ። ኳርተርባኩ በአጠገቡ አልፎ እስከ ሜዳው ጫፍ ሮጠ።

«ኳሱን ብታይ እንኳ ይገባኛል! ምንድን ነው የምታየው?» ብሎ ጮኸ አሰልጣኙ በእንግሊዝኛ። «ነገ እንዲህ ካደረግህ ቅዳሜ ሌላ ሰው ነው የማስገባው።»

ልጄ «የስ ሰር» ብቻ አለ። «አባቴ ጠርቶኝ ነው» አላለም። የእጄን አገኘሁ።

ማታውኑ ኳሱን ራሴ አወጣሁ።

«ዛሬ ስጠራህ አትዙር» አልኩት።

«ሪሊ?»

«አትዙር። ወገቤን እይ።»

መጀመሪያ ስጠራው «አቤ...» ብሎ ዋጠው። እንደገና ጠራሁት። እንደ ተቆጣ ጠራሁት፣ ለእራት እንደምጠራው ጠራሁት፣ የወደቅሁ አስመስዬም ጠራሁት። መጀመሪያ ትከሻው ይነቃነቅ ነበር፤ ኋላ እሱም ቀረ። አሰልጣኙ በእኔ ጋራዥ ፊት፣ በእኔው አፍ እያስተማረው መሆኑ ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም።

«ጎሽ፣ የኔ ልጅ። በቃ፣ እንግባ» አልኩት።

ዓይኑን ከወገቤ ላይ አላነሣም።