ባሕር በሌለበት የመርከብ ቃል

ባለፈው ሳምንት ሻይ ቤት ተቀምጬ ቴሌቪዥኑ «አድሚራል» ሲል ሰማሁና ብርጭቆው ከእጄ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። እርጥብ ጠመኔ ሸተተኝ፤ እመነኝ፣ እዚያው ሻይ ቤት ውስጥ። ስንት ዓመት ያለፋት ሴትዮ በአንድ ቃል እንዲህ ትሆናለች? ትሆናለች።

በደርግ ጊዜ ሆሳዕና ውስጥ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። የእንግሊዝኛ መምህራችን ከሰሜን የመጣ፣ በወጣትነቱ ምፅዋ ወደብ የሠራ ቀጭን ሰው ነበር። ዝናቡ የክፍሉን ቆርቆሮ ሲደበድበው ድምፁ ስለማይሰማ መጽሐፉን ይዘጋና ሰሌዳው ላይ መርከብ ይስል ነበር፤ ጀልባ እንኳ አይተን ለማናውቅ ለእኛ! ከጎኑ ቃላቱን ከነመጡበት ይጽፋል። ድሮ መርከብ የሚመራው በቀኝ በኩል በታሰረ መቅዘፊያ ስለነበር ቀኙ ጎን «ስታርቦርድ»፣ የመንጃው ጎን ተባለ። የመርከብ አዛዡን «ስኪፐር» እንግሊዞች ከሆላንዶች ወሰዱት። የባሕር ኃይል አለቃው «አድሚራል» ደግሞ «አሚር»፣ አዛዥ ከሚለው ዓረብኛ ነው።

እኔ አፌን የፈታሁት በሀዲይኛ ነው፤ አማርኛ ስናገር ሀዲይኛ እየቀላቀልኩ ልጆቹ ይስቁብኛል። አንድ ቀን ደብተሬን እያረመ «እንግሊዝ እንኳ ከጎረቤት ይዋሳል፤ አንቺን ምን ያሳፍርሻል?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ወደድኩት።

አርብ አርብ ከሰዓት በኋላ ውይይት ነበር። ተማሪውም መምህሩም ይሰበሰብና ተራ በተራ እየተነሳ ራሱን ይከስሳል፣ ከዚያ ሌላውን ይተቻል። ሂስና ግለሂስ ይሉታል። የትምህርት ቤቱ ካድሬ ዘወትር «ዝም የሚል የሚደብቀው አለው» ይል ነበር። እኔ ደግሞ የምደብቀው ነበረኝ። የጴንጤ ቤተ ክርስቲያናችን በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ አባቴ ሰዎች እቤታችን ሰብስቦ በሹክሹክታ ያስጸልይ ነበር።

«ጓዲት፣ ሦስት አርብ ዝም ብለሻል» አለኝ ካድሬው። «እቤታችሁስ ምን ይወራል?»

ከሁሉ የቀለለውን ጥፋት ፈለግሁና «መምህራችን ፈተና ላይ የማይመጣ የመርከብ ቃል እያስተማሩ ጊዜ ያባክናሉ» አልኩ። ተማሪው ሳቀ። መምህሩም ፈገግ ብሎ ተነሳ፤ «ሂሱን ተቀብያለሁ» አለ። ተመስገን፣ አለፈልኝ አልኩ።

ካድሬው አልሳቀም። «የምን ቃል?» ሲለኝ፣ ምን አስለፈለፈኝ፣ አድሚራል ከዓረብኛ እንደመጣ፣ መምህራችንም ምፅዋ እንደነበሩ ዘረገፍኩለት። ያኔ ሰሜን ጦርነት ነው፤ ወንበዴን የሚያስታጥቁ ዓረቦች ናቸው ይባላል።

«ዓረብ» አለ ካድሬው ቀስ ብሎ። «ምፅዋ።» እያንዳንዷን ጻፋት።

ሰኞ ረፋዱ ላይ ላንድሮቨር መጣና ታጣቂዎች መምህሩን ከክፍል ወሰዱት። አልተመለሰም። እኔም በዚያው ቀን ደብተሬን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ፈራሁ፤ ሌላ ምን ልበልህ።

ከወር በኋላ ባለቤቱ እቤታችን መጣች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች። ያን አርብ ማን ምን እንዳለ ደፍሮ የነገራት የለም መሰለኝ።

«ወረቀቱን ሁሉ ጠራርገው ወሰዱት፤ የእጁ ጽሑፍ እንኳ አልቀረልኝም» አለችኝ። «ደብተርሽን ያርምልሽ ነበር አሉ። አንድ ገጽ ብትሰጪኝ።»

«ጠፋብኝ» አልኳትና ልቅሶዬ አመለጠኝ።

«አይዞሽ የኔ ልጅ» ብላ ደረቷ ላይ አስጠጋችኝ። «ያስበላውን እግዜር ያውቀዋል። አንቺ ምን አጠፋሽ?»

እንባዬን በነጠላዋ ጠረገችልኝ። እኔም ዝም አልኩ።