በቅዳሴ ቀን የዘለልኩት ክኒን

መጀመሪያ የከዳኝ ትንፋሼ ነው። ጥቅምት ላይ አንድ እሑድ ስንቀድስ፣ ሁልጊዜ በአንድ ትንፋሽ የምጨርሰውን ዜማ ሁለት ቦታ ላይ ቆረጥኩት። አብሮኝ የሚቀድሰው ቄስ አንተነህ ቀና ብሎ አየኝ። ጉንፋን ነው ብዬ በእጄ ምልክት አሳየሁት። ሳሉ ከሳምንት በኋላ መጣ። ከዚያ ላቡ። ጠዋት ስነሣ ጋቢዬ ታጥቦ ያልደረቀ ይመስል ነበር። በገና ጾም ቀበቶዬን ሁለት ቀዳዳ አጠበቅሁ፤ ሰውም "ቄሱ ጾሙን አጠበቁት" እያለ አደነቀኝ። ደስ አለኝ፣ ምን ይደበቃል!

የምኖረው ከማንኩሳ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል በሚያስኬድ ገጠር ነው። አራሽም ቀዳሽም ነኝ። ጽሑፌ ይህ በሽታ ይዞት ክኒኑን በእጁ ይዞ ለሚያመነታ ሰው ነው፣ በተለይ ደግሞ እንደኔ ካህን ለሆነ።

ጥር ላይ ከአክታዬ ጋር ደም ወጣ። ባለቤቴ ይታይሽ አየችው። ነጠላዋን አጣፍታ "ይነሡ፣ እንሂድ" አለችኝ። ነገ ብላት አልሰማችኝም። በቅሎ አስጭና ማንኩሳ ጤና ጣቢያ አደረሰችኝ። አክታዬ ተመረመረ። ነርሷ ወጣት ናት፤ እጅ ነስታ ነው የነገረችኝ።

"አባታችን፣ የሳንባ ነቀርሳ ነው። ይድናል። ግን ስድስት ወር ሙሉ፣ አንድም ቀን ሳይዘለል ይዋጣል።"

"አንድም ቀን?"

"አንድም ቀን።"

ቅዳሴ ባለበት ቀንስ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም። መልሷን ስለማውቀው ነው ያልጠየቅኩት።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የሚቀድስ ካህን ከዋዜማው ጀምሮ እህልም ውኃም በአፉ አይዞርም። ክኒን ያለ ውኃ አይወርድም። ከቅዳሴ በኋላ ይዋጣ ይባል ይሆናል። ያ ክኒን ግን በተለይ በመጀመሪያው ወር ሲገባ ያስመልሰኝ ነበር። ሥጋ ወደሙ ተቀብሎ በዚያው ቀን ማስመለስ ደግሞ እንኳን ለካህን ለምእመንም የሚያስደነግጥ ነገር ነው። አክታዬን እንኳ በዚያ ቀን መልሼ እውጠው ነበር። ስለዚህ ከቅዳሴ በፊትም አልውጥ፣ በኋላም አልውጥ፤ ቀኑ በሙሉ ይዘለላል።

"ታዲያ ቅዳሴውን አትተውም?" የሚል አይጠፋም። በደብራችን ሦስት ቄሶች ነበርን። አንደኛው አርጅተው ከአልጋ አይወርዱም። ለቅዳሴ ሁለት ቄስ ግድ ነው። እኔ ከቀረሁ አንተነህ ብቻውን ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ይዘጋል። እኔ ታመምኩ ተብሎ ታቦቱ ብቻውን ሊቀር ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እውነቱን ለመናገር ሌላም ነበረበት። ቄሱ ነቀርሳ ይዟቸው ከመቅደስ ቀሩ መባልን ፈርቼ ነበር።

እሑድ ይዘለላል። ወርኃዊ በዓል ሲመጣ ይዘለላል። ሰሞነኛ፣ የቅዳሴው ተረኛ፣ የሆንኩ ሳምንት ደግሞ ሦስት አራት ቀን። ሁለት ወር ሲሆነኝ ሳሉ ጠፋ፣ ሰውነቴም ተመለሰ። አየህ፣ እግዚአብሔር ራሱ እየጠበቀኝ ነው አልኩ። ይታይሽ ጠዋት ጠዋት በኩባያ ውኃ ይዛ ትመጣለች።

"ዛሬስ አይውጡም?"

"ቅዳሴ ነው።"

የቄስ ሚስት ናትና ከዚህ ቃል በኋላ አትናገርም። አንድ ቀን ብቻ ኩባያውን እንደያዘች ቆመች። "እግዚአብሔር እኮ በክኒን አይቆጣም" አለችኝ።

"ከመቼ ወዲህ ነው አንቺ ሥርዓት የምታስተምሪኝ?" አልኳት።

ሁለተኛ አልተናገረችም። ምነው ያንን ቃሌን ውጬው በነበረ። እስከዛሬ ይቆረቁረኛል።

ዐቢይ ጾም ገባ፤ ቅዳሴው በዛ፣ የዘለልኩትም በዛ። ስድስተኛውን ወር ጨረስኩ አልኩ። ያልዋጥኳቸውን ክኒኖች ከማሳዬ ድንበር ላይ ቀበርኳቸው። ሐምሌ ላይ ደሙ ተመለሰ። አሁን አፍ ሙሉ ነበር።

ፍኖተ ሰላም ወዳለው ሆስፒታል ላኩኝ። አክታዬ ጂን ኤክስፐርት በሚሉት መሣሪያ ታየ። ሐኪሙ ወረቀቱን ይዞ ከፊቴ ተቀመጠ።

"አባ፣ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ነው። ያኛውን መድኃኒት ያቋርጡ ነበር?"

"የለም" አልኩ።

ካህን ነኝ። ዋሸሁ።

ወረቀቱን መልሶ አየ። "እንግዲያው በሽታው መድኃኒቱን ከየት ለመደው?" አለኝ። ቁጣ የለበትም።

ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ የሄድኩት ወደ ንስሐ አባቴ ነው። ቅኔ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው፤ የኔታ ነው የምላቸው። አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ ከደጃቸው ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። የዘለልኩትን፣ የቀበርኩትን፣ ለሐኪሙ የዋሸሁትን። ለቤተ ክርስቲያኑ ብዬ ነው ስል ግን አቋረጡኝ።

"ታቦቱ አንተ ሳትወለድ ነበረ" አሉኝ። "የታመመ ካህን ይተኛል፤ ሥርዓቱ ይኸው ነው። አንተን ቁም ብሎ ያዘዘህ ማነው?"

"ማንም።"

"ማንም ካላዘዘህማ የራስህ ፈቃድ ነው። በል ቀኖናህን ስማ። ክኒኑን ትውጣለህ፣ አንድም ቀን ሳትዘል። እስክትጨርስ መቅደስ አትገባም። ከቅጥሩ ውጭ ቆመህ ታስቀድሳለህ።"

ስግደት ወይም ጾም ይሰጡኛል ብዬ ነበር። ክኒን ቀኖና ሲሆን ሰምቼ አላውቅም።

ሕክምናው ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ነው። ክኒኑ በእፍኝ ነው። በዚያን ጊዜ መርፌም ነበረው፤ በየቀኑ፣ ለብዙ ወራት። መቀመጫዬ ድንጋይ ሆነ። ጉልበቴ አልታጠፍ አለ። እህል ሸተተኝ። ከዚያ ጆሮዬ ይጮህ ጀመር። ግራው ጠፋ። ዛሬም በግራዬ የቆመ ዲያቆን ሲመልስ አልሰማውም። አሁን መርፌው ቀርቶ በክኒን ብቻ ሆኗል ብለው ነግረውኛል፤ የሚጀምር ሰው በዚህ ይጽናና።

እሑድ እሑድ ከቅጥሩ ውጭ ቆምኩ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ቤተ ክርስቲያኑ እውነትም ተዘጋ። ሰው እኔን እያለፈ ወደ ጎረቤት ደብር ሄደ። ቆይቶ ግን ሌላ ቄስ ተመደበ፤ ከእኔ የተሻለ ዜማ አለው፣ ወይ ጉድ! ያለ እኔ ቅዳሴው አምሮበት ቀጠለ። እዚያ ቆሜ ለመጀመሪያ ጊዜ የማደርገው ነገር አጣሁ። ዕጣን የለኝ፣ መስቀል የለኝ፣ ሰው አያየኝ። "ማረኝ" ብቻ እላለሁ። ሃያ ዓመት ስቀድስ ያችን ቃል ለሕዝቡ ነበር የምላት፤ ለራሴ ብዬ ያልኳት እዚያ አጥር ሥር ነው።

ሁለቱን ልጆቻችንን ቡሬ የይታይሽ እህት ዘንድ ልከናቸው ነበር። ተመርምረው ነጻ ናቸው ተባሉ። ይታይሽ ግን ከእኔ አልለይም አለች። ክኒኔን እየቆጠረች፣ ማስመለሻዬን እየደፋች፣ ለመርፌ ማንኩሳ እያመላለሰችኝ ከረመች። አንድ ጠዋት ማድጋ አውርዳ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። "ትንፋሽ አጠረኝ" አለች። ሳሉን ለወራት ደብቃኝ ኖሯል፤ እንዳልሰማት ጓሮ እየወጣች ነበር የምትስለው። በዚያ ላይ ጆሮዬ።

የእኔው በሽታ ነበር። የተላመደው። ሁለቱንም ሳንባዋን ይዞታል አሉን።

እሷ አልዘለለችም። ይህን እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ። እያስመለሳት ዋጠች። እያለቀሰች ዋጠች። በገብርኤል ቀን፣ በማርያም ቀን፣ ጾሙንም የኔታ ፈትተውላት፣ አንድም ቀን ሳትዘል ዋጠች። እኔም ኩባያውን ይዤ ቆምኩላት። በአምስተኛው ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሞተች። የዚያን ዕለቱን ክኒን ጠዋት ውጣ ነበር።

የዘለልኩት እኔ ነኝ። የሞተችው እሷ ናት።

ቀኖናዬን አልጨረስኩምና ፍትሐቷን ሌሎች ፈቱ። በአርባዋም ቅዳሴ ሲቀደስላት ከቅጥሩ ውጭ ነበርኩ። የክርስትና ስሟን ከውስጥ ሲጠሩት በቀኝ ጆሮዬ ሰማሁ። ያን ቀን እግዚአብሔርን ተናገርኩት። ክፉ ነው የተናገርኩት። ለምን እኔን አልወሰድከኝም፣ ምን ዓይነት ፍርድ ነው፣ አልኩት። ጮኼ ነው ያልኩት፤ ሴቶች ዘወር ብለው አዩኝ። ክኒኑንም ልተወው አስቤ ነበር፤ ብሞት ምን አለበት ብዬ። የኔታ ይህን ሰምተው መጡ፣ በዚያ እርጅናቸው ዱላ ተመርኩዘው። ምንም አልገሠጹኝም። አጠገቤ ተቀምጠው ክኒኑን እስክውጥ ጠበቁኝ። በማግስቱም መጡ። እስክጨርስ ድረስ ብዙ ጠዋት እንዲሁ መጡ፣ አንዳንዴም አንድ ቃል ሳንነጋገር ይመለሳሉ። እግዚአብሔር መልስ አልሰጠኝም። ግን ያን ያህል ተናግሬው እንኳ ዘወር አላለብኝም፤ ይህን በእነዚያ ጠዋቶች አውቄዋለሁ። ይህን ለማስረዳት ቅኔም አልረዳኝም።

ጨርሰዋል፣ ድነዋል ተባልኩ። የኔታም ግባ አሉኝ። ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ለመንኳቸው፣ ፈቀዱልኝ። እሑድ ሕዝቡ ሊሰናበት ሲል ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆሜ እንዲህ አልኩ፦ "ይታይሽን የገደላት የእኔ መዝለል ነው። ክኒን በቅዳሴ ቀን እየተውኩ፣ እሷ ስትመክረኝ አፏን እያስያዝኩ።" አንዲት አሮጊት ብቻ "ኧረ ይቅር ይበልዎ" አሉ። በዚያው ሳምንት ሦስት ሰዎች ሳል እንዳለባቸው ሹክ አሉኝ። አንደኛው በጎረቤት ደብር የሚቀድስ ወጣት ቄስ ነው። ማንኩሳ አብሬው ሄድኩ። ነቀርሳ ነው ተባለ። መንገድ ላይ "ሰሞኔስ?" ብሎ ሲጠይቀኝ፣ የራሴን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። ስድስት ወር በእሱ ሰሞን እኔ ገባሁለት። እሱ ዋጠ። ዳነ። ሚስቱም ጤነኛ ናት፤ በቅርቡ ወልዳለች።

ለነርሷ፣ ለሐኪሙ፣ ክኒኔን አይተው ላስዋጡኝ ሁሉ እግዚአብሔር ዋጋቸውን ይክፈላቸው። የኔታንም ዕድሜ ይስጥልኝ። ለይታይሽ ግን ምን ብዬ ላመስግን? ቃል የለኝም፤ በቀደስኩ ቁጥር ስሟን አነሣለሁ።

አንተ የታመምከው ወንድሜ፣ አንቺም እኅቴ፣ ክኒኑ ከጾም ወይም ከቅዳሴ ጋር የሚጋጭባችሁ ከሆነ ደብቃችሁ አትወስኑ፤ ለነርሷም ለንስሐ አባታችሁም ቀድማችሁ ንገሩ። ሳል ቤት ውስጥ ካለ ሁላችሁም ተመርመሩ፣ ዝም የምትለዋን በተለይ። የዛሬውን ያልዋጣችሁ ከሆነ ደግሞ ይህን ንባብ አሁኑኑ አቁሙና ሂዱ ዋጡት።