መንገድ ላይ ያደረ ዝናብ

የተያዝኩት እጄን በላምባ ስታጠብ ነው። ኮተቤ አስተማሪነት እየተማርኩ ሳለ፣ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ስለ ገበሬና ስለ መሬት የሚናገር ወረቀት አባዝተን ነበር። እነሱ በሳሙና ታጠቡና ሄዱ። እኔ ጥንቁቁ ጥፍሬ ሥር የገባው ቀለም አልለቅ ስላለኝ ላምባ ፈለግሁ። ፖሊሱ በር ላይ ቆሞ አሸተተኝና «ምነው፣ ክብሪትም ላምጣልህ?» አለኝ። ሳቄ አመለጠኝ። እስከ ዛሬ ሰው እንዴት እንደተያዝኩ ሲጠይቀኝ፣ በንጽሕና ምክንያት ነው እላለሁ።

ዘመኑ የሃምሳዎቹ ማብቂያ ግድም ነው፤ ወሩ ነሐሴ። መጀመሪያ ሁለት ቀን አንድ ቢሮ ቆየሁ። ከዚያ የካ ተራራ ግርጌ ወዳለች ትንሽ ጣቢያ ሲያመጡኝ እግሬ ከግርፋቱ አብጦ ጫማዬ አልገባ ስላለኝ በእጄ ይዤው ነበር። ክፍሉ ድሮ የእህል ማከማቻ ሳይሆን አይቀርም፤ ከግድግዳው ስንጥቅ ገለባ ይወጣል፣ ወለሉ የአይጥና የእርጥብ ጆንያ ሽታ አለው። ከጣሪያው ሥር መዳፍ የምታህል መስኮት አለች። ሰው ትከሻ ላይ የወጣ የእንጦጦን ባሕር ዛፍ ጫፉን ያያል።

ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ጥምጥማቸው እንደ በረዶ የነጣ ሽማግሌ ጫማዬን አዩና፣ «አስቀምጠው ልጄ፤ እዚህ ቤት መሄጃ የለም» አሉኝ። ወዲያው ደግሞ ነጠላቸውን አጥፈው እግሬ ሥር አደረጉልኝ።

እንጦጦ ላይ ካለ ደብር የመጡ መሪጌታ ናቸው። እኔም የኔታ አልኳቸው። የታሰሩት ለየካ ገበሬዎች ማመልከቻ ጽፈው ነው። ጽሕፈታቸው ከማንም ስለሚያምር የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ ምርመራ አላስፈለገም። «አልጻፍኩም ይበሉና ይሂዱ» ተብለው ነበር። «ጽፌዋለሁ፤ ደግሞም እውነት ነው» ብለው ቁጭ አሉ። ሁለተኛው ከእንጦጦ እንጨት የሚያመላልስ ሾፌር ነው፤ የየካ ልጅ፣ ሲደሰት ኦሮምኛው የሚቀድመው። ከጭነቱ ሥር የኛው ዓይነት ወረቀት ተገኝቶበታል። «እኔ እንጨት ነው የጫንኩት፤ እንጨት ማንበብ እንደሚችል አላወቅሁም» ይላል። ማን እንዳስቀመጠው እኔ አውቅ ነበር። እሱም ማወቄን አውቆብኛል፤ አንድም ቀን አላነሣብኝም።

የጣቢያው አዛዥ መቶ አለቃ ነው። ኮሪያ ዘምቶ፣ በመርከብ ሄዶ በመርከብ የተመለሰ ሰው። ባሕሩ አንድ ነገር አድርጎት መጣ መሰለኝ፤ ከዚያ ወዲህ ያገኘውን የነገሥታትና የአሳሾች ታሪክ ሁሉ በአንድ ሰማያዊ ደብተር ይገለብጣል። ሽፋኑ ላይ «ጠቅላላ ዕውቀት» ተብሎ በቀይ ተጽፏል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ወንበሩን በራችን ላይ ያስቀምጥና፣ የበሩን መስኮት ከፍቶ ይጠይቀናል። ጣቢያው ውስጥ የሚመልስለት ሰው አልነበረማ!

«የእንግሊዙ ሄንሪ ስምንተኛ ስንት ሚስት አገባ?»

«ስድስት» አልኩ።

«ስድስት!» አለ ሾፌሩ ከጥግ። «እኔ ጎማ እንኳ እንዲህ አልቀያይርም።»

«ዝም በል አንተ! በአራት ዓመቱ የነገሠው የፈረንሳይ ንጉሥስ? የኔታ፣ እስቲ እርስዎ ይሞክሩ።»

«ስሙን አላውቀውም» አሉ የኔታ። «ለሞግዚቱ ግን አዝንላታለሁ።»

መቶ አለቃው ሊስቅ ሲል ማዕረጉ ትዝ አለውና አሳለ። ሉዊ አሥራ አራተኛ መሆኑን ራሱ ነገረን። እንዲህ ነበርን። እስረኛ ሆኜ ዘጠኝ ሰዓትን እንደ ሠርግ የምጠብቅ ሰው መሆኔ ያሳፍረኝ ነበር፤ ግን እጠብቅ ነበር።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል የኔታ ዝምታ አበዙ። ምን እንደሆኑ ብጠይቃቸው ጉልበታቸውን ዳሰሱ። ጳጉሜን ሦስት፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ሰማይ ይከፈታል፣ የዚያ ቀን ዝናብ ጸበል ነው፤ ይህን የማያውቅ የአገሬ ሰው የለም። ልጆች ራቁታቸውን ወጥተው አሳድገኝ እያሉ ይታጠባሉ። የኔታ ራሳቸውን ካወቁ ጀምሮ አንድ የሩፋኤል ዝናብ አምልጧቸው አያውቅም። ጉልበታቸው ዓመት እስከ ዓመት የሚቆመው በዚያ ነው ብለው ያምናሉ።

«እስሩስ ይሁን» አሉኝ። «ዘንድሮ ግን ጣራ ሥር ሆኜ ስሰማው ልውል ነው። እሱ ነው የከበደኝ።»

በማግስቱ ለመቶ አለቃው ነገርኩት። ለአንድ ሰዓት ያህል ግቢ ያውጣቸው ብዬ ለመንኩ። «በር የሚከፈተው በትእዛዝ ነው» አለ። ከዚያ ሰማያዊ ደብተሩን አየ፤ ኩራቱ ትእዛዙን አሸነፈው።

«ይሁን። እኔ የማላውቀውን አንድ ጥያቄ አምጡ። አንድ ብቻ! ከረታችሁኝ፣ የመኮንን ቃል ነው፣ በሩፋኤል ቀን ሦስታችሁንም ግቢ አወጣለሁ። ካልረታችሁኝ ግን ስለ ዝናብ ሁለተኛ እንዳትነግሩኝ።»

ሦስት ቀን መከርን። ሾፌሩ «የኔ መኪና ፍሬን ስንቴ ተረግጦ ነው የሚይዘው?» እንበለው አለ፤ በእርግጥም ማንም የማያውቀው ነገር ነው። የኔታ ግን «ያ ዕውቀት አይደለም፣ ኃጢአት ነው» ብለው ጣሉት። በመጨረሻ እኔ የማጄላንን መርከብ ታሪክ አስታወስኩ። ዓለምን ዞራ የተመለሰችው መርከብ ከአንዲት ደሴት ስትደርስ ቀኑን በጥንቃቄ ሲመዘግቡ የቆዩት መርከበኞች ረቡዕ ነው ይላሉ፤ የደሴቲቱ ሰዎች ሐሙስ ነው አሏቸው። አንድ ቀን ጠፍቶባቸዋል።

የኔታ ብድግ አሉ። «ቆይ! መርከበኞቹ ሐሙስ ያሉት ቀን ታዲያ ዓርብ ነው?»

«አዎ የኔታ።»

«ዓርብን ሐሙስ ብለው ሥጋ በሉበት?»

«ካገኙ በልተውበታል።»

«ወይ ጉድ! ወይ ጉድ!» ክፍሉን ሦስቴ ዞሩት። በእነዚያ ድሮ በሞቱ መርከበኞች ያን ያህል የተቆጣ ሰው አላየሁም። ቆይተው ግን ባሕረ ሐሳባቸው፣ የዘመን ቆጠራው ትምህርት፣ መጣላቸው መሰለኝ ቁጭ ብለው በጣታቸው ወለሉ ላይ ይቆጥሩ ጀመር። ሲጨርሱ ፊታቸው በርቶ ነበር። «ይሄ ነው ጥያቄያችን» አሉ።

መቶ አለቃው እንደመጣ ጠየቅሁት። «የማጄላን መርከበኞች ዓለምን ዞረው ሲመለሱ፣ መጥፋቱን ሳያውቁ ያጡት ነገር ምንድን ነው?»

«ራሱን ማጄላንን!» አለ ወዲያው። «ፊሊፒን ላይ ተገድሏል። ይህችን ለኔ?»

«እሱ መሞቱንማ ያውቃሉ፤ ቀብረው እንኳ ባይመጡ። እኔ የምለው ሳያውቁ ያጡትን ነው።»

እስከ ነገ ጊዜ ስጡኝ አለ። በማግስቱ ዓይኑ ቀልቶ መጣ። ሰማያዊ ደብተሩ አልረዳውም። «ቀን ነው» አልኩት። «ቀን ይጠፋል እንዴ?» ብሎ ጮኸ፤ ማጭበርበር ነው አለ። ያኔ የኔታ ተነሡ።

ሾፌሩን መሐል አቁመው «አንተ ዓለም ሁን» አሉት። እኔ መርከብ ሆንኩ። እሳቸው የቆርቆሮ ኩባያችንን ከፍ አድርገው ፀሐይ ሆኑና ዓለምን ይዞሩ ጀመር። እኔም በዚያው አቅጣጫ በዝግታ እዞራለሁ። ፀሐይ ባለፈችብን ቁጥር ሾፌሩም እኔም ለየራሳችን እንቆጥራለን። አንድ ዙር ስጨርስ የኔታ ቆሙ፤ እያለከለኩ ነበር።

«ዓለም፣ ስንት ቀን ሆነህ?»

«ሰባት!» አለ ሾፌሩ።

«መርከብ?»

«ስድስት።»

መቶ አለቃው ፊቱን በሩ መስኮት ውስጥ እንዳስገባ ቀረ። ድገሙት አለን፤ ደገምነው። ከዚያ እርሳሱን አውጥቶ ደብተሩ ላይ ጻፈና «ተረታሁ» አለ። ሾፌሩ አቀፈኝ፤ የኔታ ኩባያውን ይዘው ሳቁ። እስር ቤት ውስጥ ያን ያህል ደስ ይለኛል ብሎ ማን ገመተ?

ጳጉሜን ሦስት ደረሰ። መቶ አለቃው ቃሉን ጠብቆ በሩን ከፈተ። ግቢው መሐል ቆመን ቀና አልን። ነሐሴን ሙሉ ሲያለቅስ የከረመ ሰማይ ኩልል ብሎ ጠርቷል። ደመና የሚባል የለም። እንጦጦ ላይ ያለው ባሕር ዛፍ አንድ በአንድ ይቆጠራል። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ተቀመጥን፤ ዘበኞቹም ያሾፉብን ጀመር። ስንገባ የኔታ «ፀሐዩም የእግዜር ነው» አሉ፤ ነገር ግን ደግፌያቸው ነው የገቡት። የሠርክ ጸሎታቸውን ድምፅ አሰምተው አላደረሱም። እኔም ፀሐይዋን በሆዴ ረገምኳት።

በማግስቱ ስምንት ሰዓት ላይ ክፍሉ ጨለመ። ሾፌሩ ትከሻዬ ላይ ዘሎ ወጣና በመስኮቷ አየ። «ሮባ! ሮባ!» ብሎ በኦሮምኛ ዝናቡን ተጣራ። ወዲያው ቆርቆሮው ላይ ወረደ፤ እንዲህ ያለ ዝናብ ከዚያ ወዲህ ያየሁ አይመስለኝም። የኔታ ግድግዳውን ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

በሩ ተንኳኳ። መቶ አለቃው ነው፤ የጣቢያውን መዝገብ በካፖርቱ ሸፍኖ ይዟል። ከኋላው የጣቢያው አሥር አለቃ ቁልፍ ይዞ፣ «ጌታዬ፣ ቃልዎ እኮ ለሩፋኤል ቀን ነበር። ሩፋኤል ትናንት አለፈ» እያለ ይከተለዋል።

«ለማጄላን የጠፋ ቀን ለኔ አይጠፋም?» አለው መቶ አለቃው። ከዚያ መዝገቡን ከፍቶ ብዕሩን አዘጋጀ። «የኔታ፣ በቀን ቆጠራ ከእርስዎ በላይ እዚህ የለም። ዛሬ ጳጉሜን ሦስት ነው ይበሉኝ። እጽፈዋለሁ፤ በሩም ይከፈታል።»

ሾፌሩ ጎኔን ጎሸመኝ። ሦስት በሉ፣ የኔታ ሦስት በሉ፣ አልኩ በልቤ። አንዲት ቃል ናት። ማንንም አትጎዳም። ግን አንዲት ቃል እንቢ ብለው የታሰሩ ሰው መሆናቸውን አውቃለሁ።

የኔታ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ።

«ጳጉሜን አራት ነው» አሉ።

ብዕሩ አየር ላይ ቀረ። አሥር አለቃው ቁልፉን ወደ ኪሱ ሊመልስ ሲል የኔታ ቀጠሉ። «ቀኑ አራት ነው፤ ለዝናብ ብዬ ቀን አልዋሽም። ዝናቡ ግን የሦስት ነው። ትናንት ተነሥቶ እንጦጦ ላይ መሸበትና መንገድ ላይ አደረ እንጂ።»

መቶ አለቃው አፍጥጦ አያቸው። ከዚያ ሳቁ ከሆዱ ፈነዳ፤ ማዕረጉም ሳሉም አላዳኑትም። «የዘገየ እንግዳ ደጅ አይቆምም» አለ። «ክፈት!» መዝገቡ ላይ የጻፈውን አይቻለሁ፤ «ጳጉሜን ፬። የጳጉሜን ፫ ዝናብ ዘነበ» ይላል።

የኔታ የበሩ ደፍ ላይ ደርሰው ቆሙ። ጥምጥማቸውን ፈቱ፤ አጥፈው አጥፈው ለመቶ አለቃው ሰጡት። «እንዳይረጥብ ያዝልኝ ልጄ» አሉት፤ አንተ ብለው የጠሩት ያኔ ብቻ ነው። እሱም ካፖርቱ ውስጥ አስገብቶ በሁለት እጁ አቀፈው። ሽማግሌው ራሳቸውን ገልጠው ዝናቡ መሐል ገቡ። «አሳድገኝ አልልህም» ሲሉ ሰማኋቸው። «እሱ አልፏል። አቆየኝ!» ሾፌሩ ይጨፍራል። እኔ ያበጠ እግሬን ጭቃው ውስጥ ነክሬ እስኪበቃኝ ሳቅሁ። አሥር አለቃው እንኳ ቆቡን አውልቆ አንድ እጁን ከጣራው ሥር አወጣ።

መስከረም ላይ የኔታ ማመልከቻውን ጽፌዋለሁ ከሚለው ቃላቸው ሳይነቃነቁ ተፈቱ። ወደ እንጦጦ ሽቅብ ሲሄዱ ሾፌሩ ትከሻዬ ላይ ቆሞ ነገረኝ፤ የሄዱት ያለ ምርኩዝ ነበር። ከዚያ በኋላ ሌላም እስር ቤት፣ ሌላም ዘመን አይቻለሁ። እዚያ በር ላይ ወንበር ይዞ የሚመጣ፣ የሚረታም ሰው አላገኘሁም። ተፈትቼ ታሪክ አስተማሪ ሆኜ ጡረታ እስክወጣ፣ ተማሪዎቼን በየዓመቱ ዓለም፣ ፀሐይና መርከብ እያደረግሁ አዙሬአቸዋለሁ።

አምና ጳጉሜን ሦስት ደረቅ ሆኖ ዋለ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ከእንጦጦ በኩል መጣ። ጉልበቴን እያሻሸሁ ተነሥቼ ወደ በሩ ሄድኩ። ልጄ ተከትላ፣ «አባዬ፣ ምን ሆነሃል? ሩፋኤል እኮ ትናንት ነበር!» አለችኝ።

«ዛሬማ አራት ነው፤ አልዋሽሽም» አልኳት። ባርኔጣዬን አውልቄ እንድትይዝልኝ ሰጠኋትና ወጣሁ።